ሙታንን ያስቆጠሩት ሽማግሌ

ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቀብሪበያህ በኩል ወደ ሐርቲሼክ የሚጓዝ ሰው ሜዳው ላይ ደጋግሞ የሚያየው ነገር ቢኖር ቢርካ ነው። መሬት ተቆፍሮ፣ ጎኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ውኃ ይጠራቀምበታል። ወንዝ በሌለበት በዚያ አገር ሰውም ከብትም ጂላልን፣ ያን ረጅሙን ደረቅ ወቅት፣ የሚሻገረው በቢርካ ነው።

በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ቢርካ ለሦስት መንደር ያጠጣ ነበር አሉ። ላይ ሰፈር፣ ታች ሰፈርና ዳር ሰፈር ይባላሉ። በቤትም በነፍስም እኩያ ናቸው፤ ልዩነታቸው ዳር ሰፈር ራቅ ብሎ መቀመጡ ብቻ ነው። መንደሮቹን ካርታ ላይ የሚፈልጋቸው አያገኛቸውም፤ ሰዎቹም መንደሮቹም ምሳሌ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱና ሕጉ ግን የአገራችን ነው።

የታች ሰፈር ሽማግሌ ደም ሲያደርቁ፣ የግጦሽ ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ትልቁም ትንሹም «አዴር» እያለ እንደ አጎቱ ያከብራቸዋል። አንዲት ልጃቸውን ለዳር ሰፈር ድረዋል።

የመጀመሪያው ቆጣሪ የመጣው አብዛኛው አገር በጥቅምት 1987 ተቆጥሮ ካበቃ ከዓመታት በኋላ ነው። የሶማሌ ክልል በዚያ ዙር ለብቻው፣ ዘግይቶ ነበር የተቆጠረው። ቆጣሪው አስተማሪ ነው። ቅጹን በጨርቅ ቦርሳ ይዞ ከቤት ቤት ሊዞር ሲነሣ ሽማግሌው ሰፈሩን ሰበሰቡ።

«ይኸ ሰው ስማችንን የሚጽፈው ለምን ይመስላችኋል?»

«ለግብር ነው» አለ አንዱ። «ለውትድርና ነው» አለ ሌላው፤ በደርግ ጊዜ ልጁ ከገበያ ታፍሶ የቀረበት ሰው ነው። አንዲት አሮጊት ደግሞ የተቆጠረ ነገር ዓይን ይገባዋል፣ ግመልም ቢሆን ሰውም ቢሆን፣ አለች።

«እንግዲያው ጎረምሶቹ ከግመል ጋር ይውጡ፤ ልጃገረዶቹም ከፍየል ጋር ይዋሉ። ቤት የቀረው ብቻ ይቆጠር» ብለው ፈረዱ። ዘጠኝ ነፍስ የሚያድርበት ቤት አራት ተብሎ ተጻፈ። ቆጣሪው ሄደ፤ ቁጥሩ ቀረ።

ዓመት አልፎ ክትባት መጣ። ጤና ጽሕፈት ቤት ክትባት ሲያቅድ ሕፃናትን በየቤቱ እየዞረ አይቆጥርም። ከሕዝቡ ይህን ያህል ከመቶው ሕፃን ነው ብሎ ከቆጠራው ያሰላል። ከታቢው የበረዶ ሳጥኑን ከግራር ሥር አስቀምጦ ሥራ ጀመረ። ብልቃጡ ሲያልቅ ሰልፉ ገና ከግማሽ ብዙም አላለፈም፤ የሽማግሌው የልጅ ልጅም ያለቀበት ላይ ነበር የቆመው። በወሩ ማብቂያ ግን ሪፖርቱ ታች ሰፈር ከዕቅድ በላይ፣ 130 ከመቶ ከተበ አለ። በስብሰባ ላይም ተጨበጨበላቸው።

«ልጆቻችን ሳይከተቡ ነው የሚጨበጨብልን?» ብለው ሽማግሌው ከታቢውን ያዙት።

«አዴር፣ እኛማ እርስዎ ካስቆጠሩት ልጅ በላይ ነው የከተብነው።»

ነገሩ አላስተኛቸውምና ጅግጅጋ ገብተው በገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የዘመድ ልጅ ፈለጉ። ወጣቱ ሻይ አዝዞ እንዲህ ሲል አስረዳቸው። ክልሎች የሚያወጡትን ያህል ከራሳቸው ግብር አይሰበስቡም፤ የሚበዛው ገንዘባቸው ከፌዴራል መንግሥት በድጎማ የሚመጣ ነው። የሚከፈልበትን ቀመር የሚወስነው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ1990ዎቹ በተሠራባቸው ቀመሮች ለሕዝብ ብዛት ብቻ ከ55 እስከ 65 ከመቶ ክብደት ይሰጥ ነበር፤ የቀረው ለልማት ደረጃና ለገቢ አሰባሰብ ጥረት የመሳሰለው ነው። ክልሉ ደግሞ የደረሰውን ለወረዳዎች ሲያከፋፍል ቁጥርን ያያል። የወንበር ነገርም አለ፦ አንድ ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ካለው አንድ ወኪል ሌላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ወኪል ይጨመርለታል።

«ስለዚህ አዴር፣ አንድ ጎረምሳ ከግመል ጋር በደበቁ ቁጥር ድርሻውን ለማያውቁት አገር ሸለሙት ማለት ነው።»

«ገባኝ» አሉ ሽማግሌው። «እንግዲያው ሰው ማብዛት ነዋ!»

ወጣቱ የተናገረው እንዲህ ለማለት አልነበረም። ሊያርማቸው አፉን ሲከፍት ግን ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ከበር ወጥተዋል።

ብልሃቱን አገራቸው አስተምሯቸዋል። በ1980 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንበር ተሻግሮ መጣ። ሐርቲሼክ ያኔ በዓለም ከሚታወቁት ግዙፍ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ሆነ። በ1996 እስኪዘጋ ድረስ የራሽን ካርድ ምን ዋጋ እንዳለው ያላየ ጎረቤት አልነበረም። ካርድ ላይ ያለ ስም ሁሉ አፍ የለውም፤ ስም ሁሉ ግን ስንዴ ያመጣል። ሽማግሌው ይህን ይዘው ሁለተኛውን ቆጣሪ ጠበቁ።

ቆጣሪው መጣ። አብዛኛው አገር በግንቦት 1999 ሲቆጠር ሶማሌና አፋር የተቆጠሩት ከኅዳር 18 ቀን 2000 ጀምሮ ነው። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ሰበሰቡ።

«ሐርጌሳ የሚነግዱት ይቆጠሩ። ጅግጅጋ የሚማሩትም ይቆጠሩ፤ እዚያ ቢቆጠሩም እዚህ ይደገሙ።»

«ባለፈው ጂላል ያረፈው ባለቤቴስ?» አለች አንዲት መበለት።

«አላህ ይዘንለት፤ እሱም ይቆጠር።»

ዘጠኝ ነፍስ ያለበት ቤት አሥራ ስድስት ሆነ። ላይ ሰፈር ይህን ሲሰማ ከማን አንሼ ብሎ አሥራ ስምንት አደረገው። የዳር ሰፈር ሰዎች ግን በአላህ ስም የተጠየቁትን መዋሸት ሐራም ነው ብለው ዘጠኙን ዘጠኝ አሉ።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ወረዳው ለሦስቱ መንደር ያለው ገንዘብ ሰው በበዛ ቁጥር አልበዛም፤ ድስቱ ያው አንድ ነው። ታችና ላይ ሰፈር ተፎካክረው ቢዋሹም አንዱ ከሌላው ያገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለቱም ያገኙት ከዳር ሰፈር ነው። ከሦስት እጅ አንዱ ይደርሰው የነበረ መንደር ከአምስት እጅ አንድ ብቻ ቀረለት። ጥልቅ ጉድጓድ ለመቆፈር ገንዘብ በመጣ ጊዜም ቁፋሮው በወረቀት ሕዝብ ከበዛላቸው ከሁለቱ በአንዱ፣ ታች ሰፈር ላይ ተተከለ።

ታች ሰፈር ደስ አለው፤ ደስታው ግን አልቆየም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየሩብ ዓመቱ ትወቀስ ጀመር። በዕቅዱ መሠረት መከተብ የነበረባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የሉም። ሰነፍ ተባለች። በጠራራ ፀሐይ ቤት ለቤት ዞራ ያገኘችውን ሁሉ ከትባ ስትጨርስም ወረቀቱ ገና ይቀራል ይላል። በመጨረሻ ሽማግሌው ዘንድ መጥታ መዝገቧን ዘረጋችላቸው።

«አዴር፣ የቀሩትን ልጆች የት ሄጄ ልፈልጋቸው? መቃብር ቤት?»

ሽማግሌው መልስ አልነበራቸውም። በመጀመሪያው ቆጠራ ልጅ ሳይከተብ ተመሰገኑ፤ በሁለተኛው የተወለደው ሁሉ ተከትቦ ተወቀሱ። ውሸቱ ወዲያ ቢሄድም ወዲህ ቢመጣም የሚከፍለው የራሳቸው ሰፈር ሆነ።

የባሰው በዚያው ዓመት ጂላል መጣ። ሽማግሌው ልጃቸውን ሊጠይቁ ዳር ሰፈር ሲሄዱ ቤት አላገኟትም። ጎህ ሳይቀድ ሁለት አህያ ጀሪካን ጭና ወጥታለች። ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ተመለሰች። የምትቀዳው ከታች ሰፈር ጉድጓድ ነው፤ ለአንድ ጀሪካን ትከፍላለች፤ የአገሩ ባለቤት ቀድቶ እስኪጨርስም ተራ ትጠብቃለች። ጭነቱን ስታራግፍ አባቷ ሊያግዟት ተነሡ። እሷ ግን ገመዱን ከእጃቸው ወሰደች።

«አባ፣ ይህ ጉድጓድ ለእኛ ታስቦ ነበር ይላሉ። ለሙታናችሁ ተቆፈረ። ሙታን ይጠማቸዋል እንዴ?»

ሽማግሌው መንግሥትን የሸወዱ መስሏቸው ነበር። መንግሥት ከኪሱ አንዲት ሳንቲም አልጎደለበትም። የጎደለው ከልጃቸው ጀሪካን ነው።

ምሳሌው የሦስት መንደር ቢሆንም መንገዱ ወደ ትልልቆቹ ያደርሳል። የ1999ኙ ቆጠራ ውጤት በ2001 ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ አስቀድሞ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አንሶ ተገኘ። ክርክሩ ዓመታት አልፈውም አልበረደም፤ ቁጥሩ ላይ ድጎማም ወንበርም ተንጠልጥሎበታልና። ኬንያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የተደረገው ቆጠራ ሲታወጅ ማንዴራንና ዋጂርን ጨምሮ የስምንት ወረዳዎች ውጤት አይታመንም ተብሎ ተሰረዘ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ የኬንያ ሥርዓት ለካውንቲዎች ከሚከፋፈለው ገንዘብ 45 ከመቶውን በሕዝብ ብዛት አደረገው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. የ1973ቱን ቆጠራዋን ከነጭራሹ ሰርዛለች። ሊባኖስ ጠቡን ፈርታ ከእ.ኤ.አ. 1932 ወዲህ ሕዝቧን ቆጥራ አታውቅም። እንዲህ ባለ ቦታ ሁሉ የዳር ሰፈር ሰው ዕዳ አለበት፦ እውነቱን የተናገረ ሰው ከዋሸው ጋር አብሮ ይጠረጠራል።

ቁጥር ብቻውን ሁሉን ይወስናል ማለትም አይደለም። ከ2000 ወዲህ ቀመሩ የእያንዳንዱን ክልል የወጪ ፍላጎትና ገቢ የመሰብሰብ አቅም ወደ ማመዛዘን ዞሯል። በ2000 ቆጠራ የሶማሌ ክልል ሕዝብ 4.4 ሚሊዮን፣ ከአገሪቱ 6 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በኋላ በተሠራበት ቀመር ግን ከድጎማው 10 ከመቶ ያህል ደርሶታል። ነገር ግን ፍላጎትም ሲሰላ ስንት ተማሪ፣ ስንት ታማሚ፣ ስንት ውኃ ጠጪ ተብሎ ነው። ቁጥሩ በፊት በር ቢወጣ በጓሮ በር ይገባል።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ከልጃቸው ቤት የተመለሱት ሌላ ሰው ሆነው ነው። በሚቀጥለው ቆጠራ እውነቱን ብቻ እንናገራለን ብለው ሦስቱን ሰፈር አስማሙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ይላልና ጊዜውን አስልተው ጠበቁ። ቆጠራው ኅዳር 2010 ይሆናል ተባለ፤ ተላለፈ። መጋቢት 2011 ተባለ። ወጣቶች መጥተው ቤቶቹን በካርታ ላይ አሰፈሩ፤ ዘንድሮ በወረቀት ሳይሆን በታብሌት ነው ብለውም ነገሯቸው። ሽማግሌው ጎረምሶቹን ከግመል አስጠርተው አስቀመጡ። ሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ቆጠራውን ለአንድ ዓመት አራዘሙት። አንድ ዓመቱ ሲደርስ ኮሮና ነበር፤ ከኮሮና በኋላ ጦርነት። ሁለተኛው አሥር ዓመት ከተጋመሰ በኋላም ቆጣሪው አልመጣም።

ለመራዘሙ ምክንያት አልጠፋም። በ2009ና በ2010 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቷል፤ ባቢሌ አጠገብ ያለው የቆሎጂ መጠለያም በተፈናቃይ ተሞልቷል። ቆሎጂ ያለ ሰው የት ይቆጠር፤ ከወጣበት ወይስ ካለበት? ጥያቄው ከባድ ነው። ግን ያልቆጠሩትን ሰው ማብላትም ያንኑ ያህል ከባድ ነው።

ሽማግሌው እንደገና ጅግጅጋ ገቡ። ያ ወጣት አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። ከተማይቱም ሌላ ሆናለች፤ በ2000 ሲቆጠሩ ነዋሪዎቿ ከ125 ሺህ ጥቂት ይበልጡ ነበር፤ ዛሬ ያኔ ሜዳ የነበረው ሁሉ ቤት ነው። በድንበር ላይ ቶጎ ውጫሌ በንግድ ሰፍታለች።

«ቆጠራ ከሌለ በጀቱን በምን ታካፍላላችሁ?» አሉት።

«በትንበያ ነው አዴር። የዱሮውን ቁጥር ይዘን በየዓመቱ ይህን ያህል አደገ እያልን እንጨምራለን።»

«የዱሮውን? እኛ የሰጠነውን?»

«እርስዎ የሰጡትን። ያስቆጠሯቸው ሙታን በትንበያው ውስጥ አግብተው ወልደዋል። የዳር ሰፈር ሕያዋን ደግሞ ዛሬም ከሦስቱ ያነሱ ናቸው።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ እንዲህ አሉ፦ «ድሮ ቆጣሪው ሲመጣ እኛ እንደበቅ ነበር። ዛሬ እኛ ወጥተን ስንጠብቅ ቆጣሪው ተደበቀ። የእኛን ውሸት የሚያርመው የእሱ መምጣት ብቻ ነበር።»

በ2014 ድርቁ ሲጠና ለሦስቱ መንደር በቦቴ ውኃ ይመጣ ጀመር። በምን ይከፋፈል? ሽማግሌው የቢርካው ዳር ላይ ሁሉንም ሰብስበው አንድ ደንብ አወጡ፦ ማንም የራሱን ቤት አይቆጥርም፤ የእያንዳንዱን ቤት ነፍስ ጎረቤቱ ይናገር፣ የታችን ሰፈር ድምር ደግሞ ዳር ሰፈር ይመስክር። ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ጠጠር በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ይጣላል። አንዱ ለወዳጁ ሁለት ጠጠር ሊጨምር ሲል ከኋላ አንዲት ሴት «ትንሹ ልጅ የእህቷ ነው፤ እዚያ ተቆጥሯል» ብላ አስነሣችው። የሽማግሌው ቤት ተራ ሲደርስ ተናጋሪዋ ልጃቸው ሆነች።

«ስምንት» አለች።

«ዘጠኝ ነን እንጂ።»

«አንዱ ሐርጌሳ ነው፤ አባ። እዚያ ይጠጣል።»

ሽማግሌው ዘጠነኛዋን ጠጠር በእጃቸው አነሡ። የዚያን ቀን ውኃ ሲቀዳ ጠብ አልተነሣም፤ የተጣላው ሁሉ ጠጠር ሲጣል ተጣልቶ ጨርሶ ነበርና።

ከምሳሌው የምንወስደው ይህ ነው። የጋራ ገንዘብ በቁጥር የሚከፈል ከሆነ ቁጥሩን የሚያከብረው ሰው በውሸቱ የሚጎዳው ጎረቤት ነው። መንግሥት ሩቅ ነው፤ የሩቅ ሰው ቢዋሹት አያመውም። ጎረቤት ግን ቅርብ ነው፤ ሙታንህንም ሕያዋንህንም በስም ያውቃቸዋል። ከራሱ ድርሻ ላይ እንደምትወስድ ካወቀ ዝም አይልም፤ አንተም ዓይኑን እያየህ አትዋሽም።

ጠጠሩ ግን ቦቴ ከማከፋፈል አያልፍም፤ የሰፈር ሽማግሌ የአገር ቀመር አይለውጥም። ቁጥሩን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የማከፋፈያውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ቆጠራው በጊዜው እንዲደረግ የማድረግ ግዴታ ያለበትም መንግሥት ነው። ሕዝብ እውነቱን እንዲናገር የሚጠብቅ መንግሥት ሊጠይቀው በቀጠረው ቀን መገኘት አለበት። ቆጣሪው በመጣ ጊዜም ከሽማግሌው ደንብ አንዱን ቢወስድ ይበጀዋል፦ የየቤቱ ምስጢር እንደ ሕጉ ተጠብቆ፣ የመንደሩ ጠቅላላ ድምር ግን መዝገቡ ከመታሸጉ በፊት በሦስቱም ሰፈር ሰዎች ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሙታን ካሉበት ዳር ሰፈር ይናገራል፤ ሕያው ከተደበቀም የገዛ ሰፈሩ ያወጣዋል።